የባሕር ዛጎል እንስሳት የሕዋስ ሽፋን ጥናት፦ ናሙናው፣ የሊፒድ (የቅባት) ማውጫው ዘዴና የልልነት መለኪያው እንዴት ይመረጣል?

የኦይስተር፣ የመስል ወይም የስካሎፕ የሕዋስ ሽፋን ሊያጠና የተነሳ ሰው ቀድሞ የሚያስበው ስለ መሣሪያው ነው። መቅደም ያለበት ግን ጥያቄው ነው። ሽፋኑ ከምን ከምን እንደተሠራ ማወቅ ይፈልጋሉ? ወይስ ምን ያህል ልል ወይም ግትር እንደሆነ? የመጀመሪያው የኬሚስትሪ፣ ሁለተኛው የፊዚክስ ጥያቄ ነው። አንዱን ለክቶ ሌላውን መገመት በዚህ ዘርፍ በጣም የተለመደው ስሕተት ነው።

ለምን እንደማይተካኩ አንድ ምሳሌ ያሳያል። ሁለቱም ሰንሰለቶቹ 18 ካርቦን ያላቸውና ድርብ ትስስር የሌለባቸው ፎስፋቲዲልኮሊን (ከፎስፎሊፒዶች፣ ማለትም አንድ ራስና ሁለት የፋቲ አሲድ ሰንሰለት ካላቸው የሽፋን ቅባቶች፣ አንዱ) ከግትር ወደ ልል የሚሸጋገረው በ55 ዲግሪ ሴልሲየስ ገደማ ነው። ከሰንሰለቶቹ በአንዱ ላይ አንድ ድርብ ትስስር ሲገባ መሸጋገሪያው ወደ 6 ዲግሪ ይወርዳል። ሁለተኛው ሲታከል ከዜሮ በታች 16 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። ሦስተኛው ሲታከል ግን መውረዱ ያበቃል፤ እንዲያውም በጥቂቱ ወደ ላይ ይመለሳል። ዛጎል እንስሳት ደግሞ አምስትና ስድስት ድርብ ትስስር ባላቸው በኢፒኤ (20:5) እና በዲኤችኤ (22:6) ፋቲ አሲዶች የበለጸጉ ናቸው (የመጀመሪያው ቁጥር የካርቦኑ፣ ሁለተኛው የድርብ ትስስሩ ብዛት ነው)። ስለዚህ የድርብ ትስስሩ ድምር ጨመረ ተብሎ «ሽፋኑ ልል ሆኗል» ብሎ መጻፍ ማስረጃ የለውም። በተቃራኒው ልልነቱን ብቻ የለካ ሰው ለውጡ ከስቴሮል (ከኮሌስትሮልና ከመሰሎቹ) ይምጣ፣ ከፋቲ አሲድ ወይስ ከፎስፎሊፒዱ ራስ ሊያውቅ አይችልም።

እነዚህ እንስሳት የሚለዩበት

አብዛኛው የላቦራቶሪ አሠራር የተጻፈው ለአይጥ ጉበት፣ ለሰው ደም ወይም ለዓሣ ሥጋ ነው። ባለ ሁለት ክፋይ ዛጎል እንስሳት ላይ እንዳለ ሲገለበጥ የሚከሽፍባቸው ምክንያቶች ስለሚታወቁ፣ ከዚህ በታች ያለው ምርጫ ሁሉ የሚመዘነው በእነሱ ነው።

አንደኛው ፕላዝማሎጅን የሚባለው ፎስፎሊፒድ ነው። በፎስፋቲዲልኤታኖላሚንና በፎስፋቲዲልሰሪን ውስጥ ትልቅ ድርሻ ያለው ሲሆን፣ አንዱ ሰንሰለቱ የተያያዘው በኤስተር ሳይሆን በቪኒል ኤተር ነው። ይህ ትስስር አሲድ አይችልም። ቀጥሎ እንስሳው ራሱ የሚሠራቸው ያልተለመዱ ፋቲ አሲዶች አሉ። 20:2 እና 22:2 ናቸው፤ ድርብ ትስስሮቻቸው ግን እንደ ተለመደው በአንድ ካርቦን ሳይሆን በብዙ ካርቦን ይራራቃሉ፤ ለምሳሌ በ7ኛውና በ13ኛው፣ ወይም በ7ኛውና በ15ኛው ካርቦን ላይ። በስፊንጎማየሊን ቦታ የሚገኘው ደግሞ ሴራማይድ አሚኖኤቲልፎስፎኔት ነው፤ ፎስፎረሱ ከካርቦን ጋር በቀጥታ ስለተያያዘ በቀላል የአሲድ ማቃጠል አይለቅም። ስቴሮላቸውም ኮሌስትሮል ብቻ አይደለም። እንስሳቱ ስቴሮል የመሥራት አቅማቸው ውስን ስለሆነ ከበሉት አልጌ ብራሲካስቴሮል፣ 24-ሜቲሊንኮሌስትሮል፣ ካምፔስቴሮል፣ ሲቶስቴሮልና ሌላም ያከማቻሉ። በመጨረሻ ጨው አለ፦ የሰውነት ፈሳሻቸው ከባሕሩ ውኃ ጋር ይመጣጠናል፤ ወደ 1000 ሚሊኦስሞል ገደማ ነው። ለአጥቢ እንስሳ የተዘጋጀ 290 ሚሊኦስሞል በፈር (የጨው ሙሙት) ላይ የተጣለ የደም ሕዋስ ያብጥና ይፈነዳል።

ከየትኛው አካል?

በቂ ምክንያት ከሌለ ስንጥቡን (የመተንፈሻ አካሉን) ይምረጡ። ጠፍጣፋና ስስ ነው፣ የክምችት ቅባቱ ጥቂት ነው፣ ከውኃው ጋር በቀጥታ ይገናኛል፣ ለመለየትም ቀላል ነው። ከ200 እስከ 300 ሚሊግራም እርጥብ ስንጥብ ለፋቲ አሲድም ለስቴሮልም ይበቃል።

የምግብ መፍጫ እጢውን ለሽፋን ጥናት አይምረጡ። ውስጡ ያለው ክምችት ትራይግሊሰራይድና ገና ያልተፈጨ አልጌ ስለሆነ የሚለኩት የእንስሳውን ሳይሆን የምግቡን ሊፒድ ነው። በኦይስተር ላይ ደግሞ ጎናዱ (የመራቢያ አካሉ) እጢውን ስለሚከብበው ሁለቱን በምላጭ በንጽሕና መለያየት አይቻልም። ማንትል (ዛጎሉን ከውስጥ የሚሸፍነው ሥጋ) በስንጥብና በጎናድ መካከል ያለ ምርጫ ነው፤ መስል ላይ ግን ጎናዱ ወደ ማንትል ስለሚዘልቅ እንቁላል ከመጣሉ በፊትና በኋላ የተወሰዱ ናሙናዎች የሁለት የተለያዩ አካላት ያህል ይለያያሉ። የመዝጊያ ጡንቻ፣ በተለይ የስካሎፕ፣ ሚቶኮንድሪያ ለማውጣት ጥሩ ነው። የስካሎፕ ካርዲዮሊፒን (የሚቶኮንድሪያ ሽፋን ፎስፎሊፒድ) አብዛኛው ሰንሰለቱ ዲኤችኤ ስለሆነ ሚቶኮንድሪያ ላይ የተመሠረተ ጥያቄ ያለው ሰው እዚያ ይሂድ።

የደም ሕዋስ፣ ማለትም ሄሞሳይት፣ በሕይወት ያለ ሕዋስ ላይ መለካት ለሚፈልግ ብቸኛው ተግባራዊ አማራጭ ነው። ከመዝጊያ ጡንቻው በስስ መርፌ ቀስ ብሎ ይቀዳል። ችግሩ ወዲያው መጓጎሉ ነው፤ ሲጓጎል ብርሃን ይበትናል፣ የሚለካውም ቁጥር ይዛባል። መርፌውን በበረዶ ማቀዝቀዝ፣ ጨውነቱ ከባሕር ውኃ ጋር የተስተካከለ የአልሰቨር ሙሙት (መጓጎልን የሚከለክል) መጠቀምና ቀድተው ብዙም ሳይቆዩ መለካት ያስፈልጋል።

የትኛውንም ቢመርጡ እንስሳቱን ከ24 እስከ 48 ሰዓት በ0.2 ማይክሮሜትር በተጣራ የባሕር ውኃ ውስጥ ሳይመግቡ ያቆዩ። አንጀታቸው ይጸዳል። ከዚያ በበረዶ ላይ ይቁረጡ፣ የባሕሩን ውኃ በማጣሪያ ወረቀት ያንሱ፣ በፈሳሽ ናይትሮጅን ያቀዝቅዙና በ80 ዲግሪ ከዜሮ በታች ያስቀምጡ። በተለመደ ማቀዝቀዣ በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች በዝግታ የቀዘቀዘ ሥጋ ውስጥ ሊፔዞቹ (ቅባት ሰባሪ ኤንዛይሞቹ) ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ይህም በኋላ በነጻ ፋቲ አሲድና በሊሶፎስፎሊፒድ (አንድ ሰንሰለቱን ባጣ ፎስፎሊፒድ) ብዛት ይታወቃል፤ ሁለቱ አብረው ከፍ ካሉ ያዩት የአካባቢ ሙቀት ውጤት ሳይሆን የማቀዝቀዣዎ ነው።

ሊፒዱን ማውጫ፦ አራት ዘዴዎች

የፎልች ዘዴ (1957) ክሎሮፎርምና ሜታኖልን 2 ለ 1 ይቀላቅላል፤ አሟሚው ከሥጋው 20 እጥፍ ይሆናል። 300 ሚሊግራም ስንጥብ ከያዙ 4 ሚሊሊትር ክሎሮፎርምና 2 ሚሊሊትር ሜታኖል ማለት ነው። ከዚያ ከአሟሚው 0.2 እጥፍ፣ ማለትም 1.2 ሚሊሊትር፣ 0.88 በመቶ ፖታሲየም ክሎራይድ ይጨመራል። የሚፈለገው የመጨረሻ ምጥጥን 8 ለ 4 ለ 3 ነው፤ እዚህ ላይ 1.5 ሚሊሊትር ውኃ መሆኑ ነው። የጨመሩት 1.2 ሲሆን ቀሪውን ሥጋው ራሱ ያዋጣል፤ 80 በመቶ ገደማ ውኃ ከሆነ 0.24 ሚሊሊትር ይሰጣል። በበረዶ ማድረቂያ የደረቀ ናሙና ላይ ይህ ውኃ ስለሌለ በእጅ መመለስ አለበት። ብዙ ሰው ይህን ይረሳና ሁለቱ ንብርብሮች በትክክል አይለያዩም፤ ፎስፎሊፒዱም ከላይ ባለው ንብርብር ይቀራል። በጨው ፋንታ ንጹሕ ውኃ የሚጠቀምም ፎስፋቲዲልሰሪንና ፎስፋቲዲልኢኖሲቶል ያጣል።

የብላይና ዳየር ዘዴ (1959) አሟሚ ይቆጥባል። መጀመሪያ ክሎሮፎርም፣ ሜታኖልና ውኃ 1 ለ 2 ለ 0.8 ሆነው አንድ ወጥ ፈሳሽ ይሆናሉ፤ ከዚያ ክሎሮፎርምና ውኃ ታክሎ 2 ለ 2 ለ 1.8 ሲሆን ይለያያሉ። ለዚያው 300 ሚሊግራም ስንጥብ ከ1.5 ሚሊሊትር ያነሰ አሟሚ ይበቃዋል። ነገር ግን የሊፒዱ መጠን ከ2 በመቶ በላይ በሆነ ሥጋ ላይ አሳንሶ ይለካል። ስለዚህ ለስንጥብና ለጡንቻ ያገለግላል፤ ለጎናድና ለእጢ አይሆንም። በአንድ ጥናት ውስጥ ስንጥብና ጎናድን የሚያነጻጽር ሰው ይህን ዘዴ ከመረጠ የአካል ልዩነት መስሎ የሚታየው ከፊሉ የዘዴው ጉድለት ይሆናል።

በሜቲል ተርሸሪ-ቡቲል ኤተር የሚሠራው ዘዴ (2008) ለሊፒዶሚክስ (ሊፒዶችን በሙሉ በማስ ስፔክትሮሜትር አንድ በአንድ ለመለየት) ይመቻል። ለ200 ማይክሮሊትር ናሙና 1.5 ሚሊሊትር ሜታኖልና 5 ሚሊሊትር ኤተር ይገባል፤ አንድ ሰዓት ይናወጣል፤ 1.25 ሚሊሊትር ውኃ ይታከላል። ሊፒዱ ያለው ከላይ ስለሆነ ፒፔቱ የፕሮቲኑን ዝቃጭ ሳይነካ ይቀዳል፤ ክሎሮፎርምም የለም። እንከኑ የላይኛው ንብርብር ውኃ ይዞ መውጣቱ ነው፤ ለማድረቅ ይቆያል፣ ከባሕር ናሙና ላይ ጨው ያስከትላል፣ ጨውም በማስ ስፔክትሮሜትር ላይ የሶዲየም ፒክ ያበዛል። ናሙናው ብዙ ሆኖ ሥራው በሮቦት ወይም በባለ ብዙ ጉድጓድ ሳህን ከሆነ ይምረጡት።

ሄክሴንና አይሶፕሮፓኖል (3 ለ 2) ለክምችት ቅባት ጥሩ ነው። ለሽፋን ሊፒድ አንመክረውም፤ ፖላር የሆኑትን (እንደ ፎስፎሊፒድ ውኃ ወዳድ ራስ ያላቸውን) በሙሉ አያወጣም።

የእኛ ምርጫ ፎልች ነው። አሟሚ ይበላል፣ ክሎሮፎርሙም በጋዝ መሳቢያ ስር ካልሆነ አይነካም፤ ግን ከሁሉም አካል እኩል ያወጣል። በየትኛውም ዘዴ ቢሆን ግን አሟሚው ውስጥ አሲድ አይጨምሩ። ፎስፋቲዲክ አሲድንና ፎስፋቲዲልኢኖሲቶልን በተሻለ ለማውጣት ሃይድሮክሎሪክ አሲድ የሚያስጨምሩ አሠራሮች አሉ፤ በዛጎል እንስሳ ላይ ግን አሲዱ ፕላዝማሎጅኑን ሰብሮ ሊሶፎስፋቲዲልኤታኖላሚን ያደርገዋል። ያረጀ ክሎሮፎርምም አሲድ ስለሚያመነጭ ያንኑ ጉዳት ያደርሳል። በሜታኖሉ ውስጥ 0.01 በመቶ ቢኤችቲ (ከኦክስጅን ጉዳት የሚከላከል) ይግባ፤ ኢፒኤና ዲኤችኤ ከአየር ጋር ሲገናኙ ይበላሻሉ። ቢኤችቲው በጋዝ ክሮማቶግራም ላይ የራሱን ፒክ ስለሚያሳይ ባዶ ናሙና አብሮ ማስኬድ አይቀርም። ዕቃው ሁሉ መስታወት፣ ክዳኑ ቴፍሎን ይሁን። ፕላስቲክ ፍታሌት ይለቃል፤ ፖሊስታይሪንማ ከነጭራሹ ይሟሟል።

ፖላሩን መለየትና የስቴሮሉ ወጥመድ

የሽፋኑን ፋቲ አሲድ ለማወቅ ፎስፎሊፒዱ ከትራይግሊሰራይዱ መለየት አለበት። 6 በመቶ ውኃ የጠጣ ሲሊካ ጄል በትንሽ ኮለም ውስጥ ይሞላል፤ በ10 ሚሊሊትር ክሎሮፎርምና ሜታኖል (98 ለ 2) ገለልተኛው ክፍል ይወርዳል፤ ከዚያ በ20 ሚሊሊትር ሜታኖል ፖላሩ ይሰበሰባል። ዝግጁ ካርትሪጅ መግዛት ሥራውን ያፈጥናል፤ ውጤቱ አይለይም። ስስ ንብርብር ክሮማቶግራፊ የሚያስፈልገው እያንዳንዱን የፎስፎሊፒድ ዓይነት ለብቻ ሲፈልጉ ነው።

እዚህ ቦታ ላይ ብዙ ሥራ ይበላሻል። ነጻ ስቴሮል የሽፋን አካል ነው፤ በኮለሙ ላይ ግን ከገለልተኛው ክፍል ጋር ይወርዳል። ፖላሩን ክፍል ብቻ ይዘው ሊፖሶም (ሰው ሠራሽ የሊፒድ ከረጢት) የሠሩና ልልነቱን የለኩ እንደሆነ የለኩት ስቴሮል የሌለበት፣ በተፈጥሮ የማይገኝ ሽፋን ነው። በሌላ በኩል ጠቅላላ ስቴሮልን በፎስፎሊፒድ ማካፈልም አያዋጣም፤ በኤስተር መልክ ያለው ስቴሮል ክምችት እንጂ ሽፋን አይደለም። ትክክለኛው ምጥጥን ነጻ ስቴሮል ለፎስፎሊፒድ ነው፤ በሞል።

ስቴሮሉን በጋዝ ክሮማቶግራፊ፣ በ5-አልፋ-ኮሌስታን ውስጣዊ መለኪያ (መጠኑ ታውቆ በሚጨመር ማነጻጸሪያ) ይለኩ። የሆስፒታል የኮሌስትሮል ኪት ርካሽና ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ኤንዛይሙ የተለያዩ ስቴሮሎችን በተለያየ ፍጥነት ስለሚያቃጥል እዚህ የሚሰጠው ቁጥር ኮሌስትሮልም ጠቅላላ ስቴሮልም አይደለም። የስቴሮሉ ዓይነትም ከብዛቱ እኩል ያስፈልጋል፤ በጎን ሰንሰለታቸው ላይ ድርብ ትስስርና ተጨማሪ ካርቦን ያለባቸው የአልጌ ስቴሮሎች ሰንሰለቶችን የማሰለፍ አቅማቸው ባጠቃላይ ከኮሌስትሮል ያነሰ ነው።

የፎስፎሊፒዱን መጠን በፎስፎረስ የሚለኩ ከሆነ ማቃጠሉ በፐርክሎሪክ አሲድና በከፍተኛ ሙቀት ይሁን፤ አለበለዚያ ፎስፎኔቱ ከቆጠራው ይወጣል።

ፋቲ አሲድ፦ አሲድ ወይስ አልካሊ?

ፋቲ አሲዶቹ በጋዝ ክሮማቶግራፊ እንዲለኩ መጀመሪያ ወደ ሜቲል ኤስተር ይቀየራሉ። በሜታኖል ውስጥ ያለ ሶዲየም ሜቶክሳይድ (አልካሊው) በክፍል ሙቀት በደቂቃዎች ይሠራል፤ ለፈጣን ሥራ ይማርካል። ነገር ግን ነጻ ፋቲ አሲድን አይቀይርም፣ የሴራማይዱን አሚድ ትስስር አይነካም፣ ከፕላዝማሎጅኑም የቪኒል ኤተሩን ሰንሰለት አያሳይም። ሊፒዱ ከወጣ በኋላ ባለው በዚህ ደረጃ ግን ለዛጎል እንስሳ አሲድ ይሻላል። ወይ በ12 እስከ 14 በመቶ ቦሮን ትራይፍሎራይድ በ100 ዲግሪ 10 ደቂቃ፣ ወይ በ1 በመቶ ሰልፈሪክ አሲድ በ50 ዲግሪ አንድ ሌሊት። ሁለተኛውን እንመርጣለን። ቦሮን ትራይፍሎራይድ ሲያረጅ የራሱን የውሸት ፒኮች ይፈጥራል፣ ብዙ ድርብ ትስስር ያላቸውንም ይበላል፤ ሰልፈሪኩን ግን ዕለቱን ማዘጋጀት ይቻላል።

በአሲድ ዘዴ የፕላዝማሎጅኑ ሰንሰለት ዳይሜቲል አሴታል ሆኖ ይወጣል። የ18:0 አሴታል ከ18:0 ሜቲል ኤስተር ትንሽ ቀድሞ ይታያል፤ የማያውቀው ሰው ያልታወቀ ፋቲ አሲድ ብሎ ይመዘግበዋል፣ ወይም ከቆጠራ ያስወጣዋል። ከእያንዳንዱ ፕላዝማሎጅን አንድ አሴታልና አንድ ሜቲል ኤስተር ስለሚወጣ፣ አሴታሎቹ ከጠቅላላው 8 የሞል በመቶ ከሆኑ 16 በመቶው ፎስፎሊፒድ ፕላዝማሎጅን ነው።

ውስጣዊ መለኪያው 23:0 ወይም 19:0 ይሁን። 17:0 በብዙ ላቦራቶሪ የተለመደ ቢሆንም በዛጎል እንስሳት ውስጥ በተፈጥሮ ስላለ አይሆንም። እነዚያን የተራራቁ 20:2 እና 22:2 ለመለየት አንድ ኮለም አይበቃም፤ በፖላር ኮለም ያገኙትን በፖላር ባልሆነ ኮለም ያረጋግጡ።

ሊፒዶሚክስ ከዚህ ሁሉ ይገላግላል የሚል እምነት አለ። የትኛው ሰንሰለት ከየትኛው ራስ ጋር እንደተጣመረ ይናገራል፤ ያ ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን ፕላዝማሎጅንና ድርብ ትስስሩ ሌላ ቦታ ያለበት ኤተር ሊፒድ ክብደታቸው እኩል ነው፤ የተራራቀው 22:2 እና የተለመደው 22:2ም እንዲሁ። የጋዝ ክሮማቶግራፊውን ውጤት ሳይዙ ሊፒዶሚክስ መጀመር አይመከርም።

ልልነትን መለካት

እዚህ ምርጫው ሰፊ ስለሆነ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። መጀመሪያ ማወቅ ያለብዎት «ልልነት» አንድ ነገር አለመሆኑን ነው። አንዱ መለኪያ የሰንሰለቶቹን መወዛወዝ፣ ሌላው የውኃውን ዘልቆ መግባት፣ ሦስተኛው የሰልፋቸውን ሥርዓት ያያል። ሁለት መለኪያዎች ባይስማሙ አንዱ ተሳስቷል ማለት አይደለም።

ዲፒኤች በሽፋኑ መካከል፣ በሰንሰለቶቹ ውስጥ የሚቀመጥ ፍሎረሰንት መርማሪ ነው። በ360 ናኖሜትር ይበራል፣ በ430 ያበራል። በቆመና በተጋደመ ፖላራይዘር የሚገኙት ሁለት ብርሃኖች ይለካሉ፤ ቆሞ ከተገኘው የተጋደመው በጂ ፋክተር ተባዝቶ ይቀነሳል፣ ውጤቱም ለቆመው ሲደመር ሁለት ጊዜ በጂ የተባዛው የተጋደመ ይካፈላል። የሚገኘው አኒሶትሮፒ ነው፤ ጣሪያው 0.4 ሲሆን ቁጥሩ ሲበዛ ሽፋኑ ግትር ነው። ጂ ፋክተር የመሣሪያው ጠባይ ስለሆነ ከሌላ ሰው አይወሰድም፤ በራስዎ መሣሪያ፣ በዚያው ሞገድ ርዝመት ይለኩት።

አዘገጃጀቱ ይህን ይመስላል። ፎስፎሊፒዱ 100 ማይክሮሞላር በሆነበት 2 ሚሊሊትር የሽፋን ተንጠልጣይ (በፈር ውስጥ የተበተነ ሽፋን) ውስጥ፣ በቴትራሃይድሮፉራን ከተሟሟ 1 ሚሊሞላር ዲፒኤች 1 ማይክሮሊትር ይገባል። መርማሪው 0.5 ማይክሮሞላር፣ ምጥጥኑ 1 ለ 200 ይሆናል። ከዚህ በላይ ከበዛ መርማሪው ራሱ ሽፋኑን ይለውጠዋል። በጨለማ 30 ደቂቃ ይቆያል። መርማሪ የሌለበት ተመሳሳይ ናሙና አብሮ ይለካና ይቀነሳል።

ከሁሉ በላይ ውጤቱን የሚያበላሸው ድፍርስነት ነው። የተንጠልጣዩ አብዞርባንስ (ብርሃን የመቀነስ መጠኑ) በ360 ናኖሜትር ከ0.1 በታች ይሁን። ድፍርስ ናሙና ውስጥ የወጣው ብርሃን እየተበተነ አቅጣጫውን ስለሚያጣ አኒሶትሮፒው ይወርዳል፤ ሽፋኑም ሳይሆን ልል ይመስላል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ናሙናውን በእኩል በፈር አቅጥነው ድጋሚ ይለኩ። ቁጥሩ ከተቀየረ የሚለኩት ድፍርስነቱን ነው።

ቲኤምኤ-ዲፒኤች የዚያው መርማሪ ዘመድ ነው፤ ቻርጅ ስላለው ከሽፋኑ ወለል አጠገብ ተጣብቆ ይቀራል። በሕይወት ላለ ሄሞሳይት ከዲፒኤች ይሻላል፤ ዲፒኤች ወደ ውስጥ ሽፋኖች ሁሉ ሲሰራጭ ይህ ለጊዜው በውጪው ሽፋን ይቆያል። «ለጊዜው» የሚለው ይሰመርበት፤ ሄሞሳይት ዋጭ ሕዋስ ነው፤ ከተጨመረ በ10 ደቂቃ ውስጥ መለካት ይገባል።

ላውርዳን ፖላራይዘር አይፈልግም። በ340 እስከ 350 ናኖሜትር ይበራል፤ በ440 እና በ490 የሚወጣው ብርሃን ይለካል። የሁለቱ ልዩነት ለድምራቸው ሲካፈል ጂፒ የሚባለው ቁጥር ይገኛል፤ ከአሉታዊ 1 (-1) እስከ 1 ይደርሳል፤ ከፍ ያለው ውኃ ያልዘለቀበትን፣ የታጨቀ ሽፋን ያሳያል። የሳህን አንባቢ ብቻ ላለው ላቦራቶሪ ምቹ ነው፣ በማይክሮስኮፕም ካርታ ይሠራል። ነገር ግን በዛጎል እንስሳት ላይ አንድ የተለየ አደጋ አለው። ብርቱካንማ ወይም ቢጫ የሚያደርጋቸው ካሮቲኖይድ ከ400 እስከ 500 ናኖሜትር ያለውን ብርሃን ይውጣል፤ 440ውን ከ490ው አብልጦ ከዋጠው ጂፒው ይወርዳል። የመስል ሥጋ ቀለም ከግለሰብ ግለሰብ ስለሚለያይ ይህ በዘፈቀደ የሚመጣ ስሕተት ሳይሆን ከፆታና ከምግብ ጋር አብሮ ሊሄድ የሚችል ነው። የሊፒዱን አብዞርባንስ በ450 አካባቢ ሳያዩ ላውርዳንን አይመኑ።

ኢፒአር (ኤሌክትሮን ፓራማግኔቲክ ሬዞናንስ)፣ ማለትም በስፒን ምልክት የሚሠራው፣ ድፍርስነትም ቀለምም አያስቸግረውም። 5-ዶክሲል ስቴሪክ አሲድ ከራሱ አጠገብ፣ 16-ዶክሲል ከጅራቱ መረጃ ይሰጣል፤ በጥልቀት ማነጻጸር ለሚፈልግ ከዚህ የተሻለ የለም። ለወፍራም የሚቶኮንድሪያ ዝግጅት ይምረጡት። በሕይወት ያለ ሕዋስ ግን ምልክቱን ስለሚያጠፋው ሥራው ፈጣን መሆን አለበት፤ መሣሪያውም በየቦታው አይገኝም።

ዲፈረንሻል ስካኒንግ ካሎሪሜትር ብዙ ሰው የሚመኘው ነው። ለዚህ ጥናት ግን አያዋጣም። የእነዚህ እንስሳት ፎስፎሊፒድ መሸጋገሪያ ሰፊና በአብዛኛው ከዜሮ በታች ስለሆነ የበረዶው ፒክ ይውጠዋል፤ ስቴሮሉ ደግሞ የቀረውን ያደበዝዘዋል።

በቁጥብ ገንዘብ አንዱን ብቻ መምረጥ ግድ ከሆነ፦ ለስንጥብ ሽፋን ዲፒኤች፣ ለሄሞሳይት ቲኤምኤ-ዲፒኤች።

በስንት ዲግሪ ይለካ?

በ10 እና በ20 ዲግሪ የኖሩ ሁለት ቡድኖች ቢኖሩ ሁለቱንም በ20 ብቻ መለካት የአሠራራቸውን ልዩነት ያሳያል እንጂ እንስሳው በሚኖርበት ሙቀት ሽፋኑ ምን እንደሚመስል አያሳይም። እያንዳንዱን በራሱ ሙቀት ብቻ መለካት ደግሞ የሙቀቱን ቀጥተኛ ውጤትና የእንስሳውን ማስተካከያ ያቀላቅላል። ከ5 እስከ 30 ዲግሪ በየ5 ዲግሪው ለሁለቱም መለካት ሁለቱንም ይፈታል።

ከሁለቱ ኩርባዎች የማስተካከያውን ብቃት ማስላት ይቻላል። ለምሳሌ የቀዝቃዛው ቡድን በ10 ዲግሪ የሚያሳየውን አኒሶትሮፒ ሞቃቱ ቡድን በ14 ዲግሪ ካሳየ፣ ኩርባው በ4 ዲግሪ ተንሸራቷል፤ የኑሮ ሙቀታቸው ልዩነት 10 ስለሆነ ማስተካከያው 40 በመቶ ነው። ሙሉ ማስተካከያ የሚባለው ሞቃቱ ያንን ቁጥር በ20 ዲግሪ ሲያሳይ ነው።

ቴርሞሜትሩ በውኃ መታጠቢያው ሳይሆን በኩቬቱ (በናሙናው መለኪያ ብልቃጥ) ውስጥ ይግባ፤ በሁለቱ መካከል ከአንድ ዲግሪ በላይ ልዩነት መኖሩ አያስገርምም። በየደረጃው 5 ደቂቃ ይጠብቁ። በ5 ዲግሪ ላይ የኩቬቱ ግድግዳ ላብ ያወጣል፤ ላቡም ብርሃን ይበትናል፤ ስለዚህ ደረቅ ናይትሮጅን ይንፉበት።

ከሙቀቱ በፊት ግን ምግቡን ይቆጣጠሩ። ከመመገቢያ አልጌዎች ቲሶክሪሲስ በዲኤችኤና በብራሲካስቴሮል፣ ኬቶሴሮስ በኢፒኤ የበለጸጉ ሲሆኑ ቴትራሴልሚስ ዲኤችኤ የለውም። አንዱ ቡድን አንዱን፣ ሌላው ሌላውን ከበላ የሚታየው ልዩነት የአልጌው ነው። አንድ ዓይነት አልጌ መስጠት ብቻም አይበቃም፤ በቅዝቃዜ የማጣራት ፍጥነታቸው ስለሚቀንስ ቀዝቃዛው ቡድን ጥቂት ይበላል። ከሁለቱም ገንዳ የተረፈውን አልጌ በየቀኑ ቆጥረው የሞቃቱን ድርሻ ወደ ቀዝቃዛው መጠን ያውርዱ፤ ሁለቱንም ቢያንስ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ያቆዩ፤ አልጌውን ራሱን ደግሞ በመጀመሪያና በመጨረሻ ቀን ቀድተው ከስንጥቡ ጋር በአንድ ዙር ያውጡት።